የሕፃን ልጅ የዓይን እፍኝ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር፤ ለአዲስ አንባብያን ታትሞ የቀረበ)

ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ መስመር ካለ መለስ ብላችሁ እዩት። የሚያጣድፈን ነገር የለም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን ነው። ሕፃን ልጅ ያየውን ነገር ለምን ያህል ጊዜ በአእምሮው ይዞ ይቆያል? ባንድ ጊዜስ ስንት ነገር ሊይዝ ይችላል? ይህ ችሎታው መቼ ይጀምራል? እንዴትስ ያድጋል?

«ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል?» የምትሉ አትጠፉም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንዲት እናት ቤቷን ታሰናዳለች እንበል። ቁልፉን በሩ ላይ ትሰቅላለች። ሳሙናውን መስኮት ላይ ታኖራለች። ክሩን ከመሶቡ ሥር ታስቀምጣለች። ማበጠሪያውን ሣጥኑ ላይ ታደርጋለች። የ5 ዓመት ልጇ አጠገቧ ቆሞ ሁሉንም ያያል። እናት ወደ ደጅ ወጥታ ሌላ ሥራ ትጀምራለች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ቁልፉን አምጣልኝ፤ ሳሙናውንና ክሩንም አምጣ» ትለዋለች። ልጁ ይሮጣል። ቁልፉን ያመጣል። ሳሙናውንና ክሩን ግን የት እንዳያቸው ጠፍቶበታል። ጓዳ ይገባል፣ ይወጣል፤ ኋላም ቆሞ ጣቱን ይጠባል። እናት ትቆጣለች። «ዓይንህ እያየ አይደል ያስቀመጥሁት? አንተ ልበ ቢስ!» ትላለች። ኩርኩምም ይከተላል።

አያችሁ፣ ኩርኩሙ የሚያርፈው በዚያው ገና በማደግ ላይ ባለው ጭንቅላት ላይ ነው። ልጁ ሰንፎ ላይሆን ይችላል። አምፆም ላይሆን ይችላል። ያየውን የሚይዝበት ቦታ ገና ጠባብ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ቦታ ነው።

እህል የሚያዝባቸውን ሁለት ነገሮች አስቡ። አንዱ ጎተራ ነው። ጎተራ ብዙ ይይዛል፤ ለወራትም ያቆያል። ሁለተኛው እፍኝ ነው። እፍኝ የሚይዘው ትንሽ ነው። እጃችሁን ከፈት ካደረጋችሁት ይፈሳል። ነገር ግን ምጣድ ላይ የምትቆሉት፣ ለዶሮ የምትበትኑት በእፍኝ እያነሣችሁ ነው። ጎተራው ቢሞላም እፍኝ ከሌለ ሥራ የለም።

አእምሯችንም እንደዚሁ ነው። የእናታችን መልክ፣ የሰፈራችን መንገድ፣ ያደግንበት ቤት በጎተራው ውስጥ አሉ። አሁን አይተነው፣ ዓይናችንን ዞር ስናደርግ ለጥቂት ሰኮንዶች ይዘነው የምንቆየው ነገር ግን በእፍኛችን ያለ ነው። መንገድ ለመሻገር ስንቆም በስተቀኝ የሚመጣውን መኪና እናያለን። ከዚያ ወደ ግራ እንዞራለን። ወደ ግራ በዞርንበት ቅጽበት ያንን የቀኙን መኪና በአእምሯችን ካልያዝነው አደጋ ላይ ነን ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ብቻውን አውራ መንገድ አይሻገር የሚባለው ባንድ በኩል ለዚህ ነው።

ሊቃውንት ይህን እፍኝ «የእይታ የሥራ ትውስታ» ይሉታል። ስሙ ረዘም ይላል። «የእይታ» ያሉት በዓይን የገባ ስለሆነ ነው። «የሥራ» ያሉት ደግሞ ለያዝነው ሥራ ወዲያው የምንገለገልበት ስለሆነ ነው። እኛ ግን ዛሬ «የዓይን እፍኝ» እንበለው። ጆሮም የራሱ እፍኝ አለው። የእሱን ወሬ ለሌላ ቀን እናቆየው።

የእኛ የዐዋቂዎች እፍኝ ምን ያህል ነው? ትልቅ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። በ1997 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮግል፣ ይህን ለክተው ነበር። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቀለም ያላቸው ትናንሽ አራት ማዕዘኖችን ብልጭ አድርገው ለሰው ያሳያሉ። አራት ማዕዘኖቹ ይጠፋሉ። ወዲያው ተመልሰው ይመጣሉ። «ቀለሙ የተለወጠ አለ ወይስ የለም?» ብለው ይጠይቃሉ። አራት ማዕዘኖቹ እስከ 3 ሲሆኑ የሚሳሳት የለም ለማለት ይቻላል። ከ4 ጀምሮ ግን ስሕተቱ እየበዛ ሄደ። የተፈተኑት ደግሞ የተማሩ፣ ወጣት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ የዐዋቂ ሰው የዓይን እፍኝ 3 ወይም 4 ነገር ቢይዝ ነው። እኛ 4 ይዘን የምንንገዳገደውን፣ ልጅ 4 ነገር ባይይዝ ለምን ይደንቀናል?

አሁን ወደ ሕፃናቱ እንሂድ።

ጡት የሚጠባ ሕፃን አይናገርም። «ይህን አስታወስህ ወይ?» ቢሉት አይመልስም። ታዲያ እፍኙ እንዴት ይለካል? የሚናገርበት አንድ ነገር አለው፤ እሱም ዓይኑ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከፊቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያለውን ነው። ይህ ጡት ሲጠባ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት ያህል ነው። ወራት ሲያልፉ ራቅ ያለውንም ያያል። አዲስ ነገር ሲያይ ትኩር ብሎ ይቆያል። የሰለቸውን ትቶ ዓይኑን ያዞራል። ይህንን እናቶች ሁሉ ያውቁታል። በ1964 ሮበርት ፋንትስ የሚባሉ ተመራማሪ ይህንኑ ቆጥረው አሳዩ። ለሕፃናት አንዱን ሥዕል ደጋግመው፣ ከጎኑ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ሥዕል አቀረቡ። 2 ወር ያለፋቸው ሕፃናት አሮጌውን ሥዕል እየተዉ አዲሱን ማየት ያዙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አንድ ነገር ሊሰለች የሚችለው መቼ ነው? ቀድሞ ማየታችንን ስናስታውስ አይደለም? ያላስታወሰ ሰው ሁሉም ነገር አዲስ ይሆንበታል። ስለዚህ ሕፃኑ ሲሰለች፣ «ይህን አይቼዋለሁ» ማለቱ ነው። የሕፃናትን አእምሮ ያጠኑ ብዙ ሰዎች በዚህ በር ነው የገቡት።

በ2003 አሜሪካ ውስጥ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናትም በዚሁ በር የገባ ነው። ሻነን ሮስ-ሺሂ፣ ሊሳ ኦክስና ከላይ የጠራናቸው ስቲቨን ላክ ናቸው የሠሩት። ሕፃኑ በሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ከፊቱ ጎን ለጎን ሁለት መስኮቶች አሉ፤ እንደ ቴሌቪዥን ናቸው። በሁለቱም ላይ ቀለም ያላቸው አራት ማዕዘኖች ብልጭ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፤ ብልጭ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። በአንደኛው መስኮት ቀለሞቹ ሁልጊዜ ያው ናቸው። በሁለተኛው መስኮት በየብልጭታው የአንዱ ቀለም ይለወጣል። ሕፃኑ የፊተኛውን ቀለም በእፍኙ ከያዘ፣ የሚለወጠውን አዘውትሮ ያያል። ካልያዘ ሁለቱም አንድ ይሆኑበታል።

ምን ተገኘ? የ4 ወርና የ6 ወር ተኩል ሕፃናት አንድ አራት ማዕዘን ብቻ ሲሆን የሚለወጠውን ለዩ። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑባቸው ግን ጠፋባቸው። እፍኛቸው አንድ ነገር ብቻ ይይዛል ማለት ነው። የ10 ወር ሕፃናት ግን አራት ሲሆንም ለዩ። ከ6 ወር ተኩል እስከ 10 ወር ስንት ነው? ሦስት ወር ተኩል ነው። ጤፍ ተዘርቶ እስኪታጨድ ያለው ጊዜ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው እንዲህ ያለ ለውጥ የታየው።

እነዚሁ ሰዎች በ2006 ሌላ ነገር ጨመሩ። ቀለምን ማወቅ አንድ ነገር ነው። የትኛው ቀለም በየትኛው ቦታ እንደነበረ ማወቅ ሌላ ነው። ቀዩ ከላይ ነበር፣ ሰማያዊው ከታች ነበር፣ ማለት ቀለሙን ከቦታው ጋር ማሰር ይጠይቃል። የ6 ወር ተኩል ሕፃናት ይህን ማሰር አልቻሉም። የ7 ወር ተኩል ሕፃናት ቻሉ። ልዩነታቸው አንድ ወር ነው። እኛ አንድ ወር ሙሉ «ልጁ ያው ነው» ስንል፣ በውስጡ ይህ ሁሉ ሥራ ይሠራል።

አሁን ደግሞ በቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉትን ልንገራችሁ። ከ8 እስከ 12 ወር የሆነ ልጅ ላለው ሰው ጥሩ ጨዋታ ነው።

ሁለት ጨርቆችን ከልጁ ፊት አንጥፉ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ልጁ የሚወደውን የእንጨት ማንኪያ አሳዩት። (ሽንብራ ወይም ቆሎ አታድርጉ፤ ልጅ ይውጠዋል፣ ያንቀዋል።) ልጁ እያየ ማንኪያውን በቀኙ ጨርቅ ሥር ደብቁ። ልጁ ጨርቁን ገልጦ ያወጣዋል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙ። ከዚያ፣ አሁንም ልጁ እያየ፣ በግራው ጨርቅ ሥር ደብቁት። ወዲያው ግን አትልቀቁት። ትንሽ አቆዩት። ልጁ ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ ወደ ቀኙ ጨርቅ ይሄዳል! በዓይኑ እያየ በግራ የተደበቀውን፣ በቀኝ ይፈልገዋል።

ይህን መጀመሪያ የጻፉት ዣን ፒያዤ የሚባሉ የስዊዘርላንድ ሊቅ ናቸው። የተወለዱት በ1896፣ ያረፉት በ1980 ነው። ፒያዤ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። እነዚያን ልጆቻቸውን ገና በሕፃንነታቸው ቁጭ ብለው እያዩ፣ ያዩትን ይጽፉ ነበር። በ1937 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥም ይህ የመደበቅ ጨዋታ አለ። ልጆቻችንን የሚያይ ዓይን እኛም አለን፤ ፒያዤ የጨመሩበት ብዕሩን ነው። አሁን እናንተም ብዕር ይዛችኋል።

ፒያዤ ነገሩን የገለጹት፣ ሕፃኑ ከዓይኑ የተሰወረ ነገር ራሱን ችሎ መኖሩን ገና በደንብ አልተረዳም ብለው ነው። ኋላ የመጡት ግን ሌላም ምክንያት አገኙ። በ1985 አዴል ዳይመንድ የሚባሉ ተመራማሪ 25 ሕፃናትን በየሁለት ሳምንቱ እየፈተኑ፣ ከ6 ወር እስከ 12 ወር ተከታተሉ። የለኩት ጊዜውን ነው። ማንኪያውን ከደበቅን በኋላ ልጁን ስንት ሰኮንድ ብናቆየው ይሳሳታል? በ7 ወር ተኩል ከ2 ሰኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። በ12 ወሩ ግን ለመሳሳት ከ10 ሰኮንድ በላይ ያስፈልጋል። በየወሩ በአማካይ 2 ሰኮንድ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ልጁ አያውቅም ብቻ ማለት አይቻልም። ያውቃል፤ ነገር ግን ከእፍኙ ይፈስበታል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ልጅ ዓይኑ ትክክለኛውን ጨርቅ እያየ፣ እጁ ወደ አሮጌው ይሄዳል። እጁ ልማዱን ይከተላል። ልጁ አዲሱን ቦታ መያዝ ብቻ ሳይሆን፣ የለመደውን መተውም አለበት። ሁለቱም ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ከግንባራችን ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። በ1989 ዳይመንድና ፓትሪሺያ ጎልድማን-ራኪች በጦጣዎች ላይ ይህን አሳዩ፤ ያ ክፍል የተጎዳባቸው ጦጣዎች ልክ እንደ ሕፃኑ ተሳሳቱ። ይህ የአንጎል ክፍል ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ሙሉ በሙሉ የሚጎለምሰው ሰው 20 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅን «ትናንት አይደለም የነገርኩህ!» የሚል ሰው፣ በስንት ዓመት የሚደርስን ፍሬ በዓመቱ ልቀም እንደሚል ነው።

የሚያስቅ ጥናት ደግሞ ልንገራችሁ። ይህኛው ስለ ብስኩት ነው።

በ2002 ሊሳ ፋይገንሰንና ባልደረቦቻቸው የ10 ወርና የ12 ወር ሕፃናትን ፈተኑ። ሕፃኑ እያየ በአንዱ ዕቃ ውስጥ አንድ ብስኩት ይጨምራሉ፤ በሌላው ሁለት ይጨምራሉ። ብስኩቶቹ ከገቡ በኋላ አይታዩም። ከዚያ ሕፃኑን ይለቁታል። ሕፃኑ እየዳኸ ሁለት ወዳለበት ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ሲሆንም ወደ ሦስቱ ይሄዳል። ጎበዝ! ነገር ግን ሦስትና አራት ሲሆን ጠፋበት። «ይህማ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው» ትሉ ይሆናል። ሁለትና አራት ሲያደርጉትም ጠፋበት። ሦስትና ስድስት ሲያደርጉትም ጠፋበት። በ2005 በታተመ ጥናት ደግሞ አንድና አራት አደረጉት። ሕፃኑ አራቱን መምረጥ አልቻለም። አንድና አራት! የሚበላ ነገር ሆኖ፣ አንዱና አራቱ እኩል ሆኑበት።

ለምን? በአንድ ዕቃ ውስጥ እስከ 3 ሲሆን እያንዳንዱን ብስኩት በእፍኙ ይይዛል። አራተኛው ሲመጣ ግን ሦስቱን ይዞ አንዱን የሚጥል አይደለም። የያዘው ሁሉ ነው የሚፈስበት። እናንተም እጃችሁ ላይ ዕንቁላል ሲበዛ እንዲህ አይደለም? አንድ ሲጨመር የሚወድቀው አንድ ብቻ አይሆንም።

ታዲያ መላ የለውም? አለው። በ2008 ፋይገንሰንና ጀስቲን ሃልበርዳ የ14 ወር ሕፃናትን ፈተኑ። አራት ነገር ባንድ ላይ ሲደበቅ ሕፃናቱ ጠፋባቸው። ያንኑ አራት ነገር ሁለት ሁለት አድርገው ለይተው ካሳዩአቸው በኋላ ሲደብቁት ግን አስታወሱ። አራት የተበተነ እንጨት መሸከም ያስቸግራል። ሁለት እስር እንጨት ግን ይያዛል። እንጨቱ ያው ነው፤ እስሩ ነው ያገዘው።

ይህን ነገር አዲስ አንባብያን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ማንበብ ስትጀምሩ «ሰ» ትላላችሁ። «ፌ»ን ትፈልጋላችሁ። «ድ» ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ፊደል ምን እንደነበረ ጠፍቷል። እንደገና ከ«ሰ» ትጀምራላችሁ። ላብ ያስጠምቃል! እፍኛችሁን ሦስቱ ፊደሎች ብቻቸውን ሞልተውት ነበር። አሁን ግን «ሰፌድ» አንድ እስር ሆኗል። አንዴ አይታችሁ ታነሡታላችሁ። በተረፈው ቦታ ሌሎቹን ቃላት ትይዛላችሁ። የተለወጠው እስሩ ነው፤ እፍኙማ ያው ነው።

ወደ ትልልቆቹ ልጆች እንምጣ።

በ2006 ኬቪን ሪግስና ባልደረቦቻቸው ዐዋቂዎች የተፈተኑበትን ዓይነት የቀለም ፈተና ለልጆች ሰጡ። በ5 ዓመት ልጁ የያዘው ከአንድ እስከ ሁለት ነው። በ7 ዓመት ሦስት ያህል ነው። በ10 ዓመት ወደ አራት ይጠጋል። ጠንቀቅ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው እዚህ ላይ ይጠይቀኛል። «ቅድም የ10 ወር ሕፃን አራት ያዘ ብለኸን ነበር። አሁን የ5 ዓመት ልጅ ሁለት እንኳ አይሞላም ትለናለህ። እንዴት ነው ነገሩ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ሊቃውንቱም ብዙ ተከራክረውበታል። ፈተናዎቹ አንድ አይደሉም። ሕፃኑ የሚጠበቅበት ዓይኑን መጣል ብቻ ነው፤ ብልጭታውም ደጋግሞ ይመጣለታል። የ5 ዓመቱ ልጅ ግን አንዴ አይቶ፣ ይዞ፣ አመዛዝኖ «ተለውጧል» ወይም «አልተለወጠም» ብሎ መመለስ አለበት። ቤት ውስጥ ክርና ሳሙና አምጣ የሚባለውም እንዲህ ያለውን ከባዱን ሥራ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የቤታችንን ልጅ ለመረዳት የሁለተኛው ፈተና ቁጥር የሚቀርብ ይመስለኛል።

ልጆች ሲያድጉ አንድ ሌላ ብልሃትም ይማራሉ። ያዩትን ስም ይሰጡታል፤ ስሙንም ለራሳቸው ይደጋግሙታል። በ1966 ጆን ፍላቬልና ባልደረቦቻቸው ይህን በከንፈር ያዙት። ለልጆች ሥዕሎች ያሳያሉ፤ ከሥዕሎቹ ጥቂቶቹን በጣት ይጠቁማሉ። ከዚያ ለ15 ሰኮንድ ያህል የልጁን ዓይን ይጋርዳሉ። ከንፈር ማንበብ የሚያውቅ ሰው የልጁን ከንፈር ይመለከታል። ከ20 የአምስት ዓመት ልጆች ስሞቹን በከንፈራቸው የደጋገሙት 2 ብቻ ነበሩ። ከ20 የአምስተኛ ክፍል ልጆች ግን 17ቱ ደጋገሙ። ትንሹ ልጅ የሚይዘው ባየው መልክ ነው። ትልቁ መልኩን በቃል ይደግፈዋል፤ የዓይኑን እፍኝ በጆሮው እፍኝ ያግዘዋል።

በነገራችን ላይ፣ ስታነቡ ከንፈራችሁ ቢንቀሳቀስ አትፈሩ። የሚስቅባችሁ ሰው ካለ፣ የአምስተኛ ክፍሎቹን ልጆች ወሬ ንገሩት።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እሱንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2019 በሕንድ አገር ኡታር ፕራዴሽ በሚባለው ክፍለ አገር ገጠር ውስጥ የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ4 ወር እስከ 4 ዓመት የሆኑ ልጆች ይህንኑ የሚለዋወጥ ቀለም እያዩ፣ ራሳቸው ላይ ቆብ ተደረገላቸው። ቆቡ ጉዳት የሌለው ብርሃን ወደ ጭንቅላት ይልካል። በዚያም የአንጎል ደም እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ ይታወቃል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ እናቶቻቸውም ብዙ ያልተማሩ ልጆች በዚህ ሥራ ጊዜ የአንጎላቸው እንቅስቃሴ ደከም ብሎ ታየ። የማይፈለገውን ነገር ወደ ጎን ትተው በሚፈለገው ላይ ማተኮርም አስቸገራቸው።

ይህን በትክክል እንረዳው። ያልተማረች እናት ልጅ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። የድኻ ልጅ ዕጣው ተቆርጧል ማለትም አይደለም። ድኽነት ብቻውን አይመጣም፤ የምግብ ማነስን፣ በሽታን፣ የእናትን ድካም ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ምን ያህል እንደጎዳ ያ ጥናት ለይቶ አልነገረንም። ነገር ግን የእናት ትምህርት ለልጁ ጭንቅላት ባዕድ እንዳልሆነ ያሳየናል። ማታ ሥራ ጨርሳችሁ፣ ዓይናችሁ እንቅልፍ እያለው ፊደል የምትቆጥሩ እናቶች ይህን ስሙ። ለአንጎል ዕድገት አዮዲን ያለበት ጨውና ብረት ያለው ምግብ እንደሚያስፈልግም በሌሎች ጥናቶች በደንብ ይታወቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ስለዚህ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? የሚቀጥለው የራሴ ምክር ነው፤ ከላይ ካየነው ተነሥቼ የምሰጠው።

ለ3 ዓመት ልጅ አንድ ነገር ብቻ እዘዙ። ሲጨርስ ሁለተኛውን ንገሩት። የ5 ዓመቱ ሁለት ይሞክር። የት እንዳለ ስትነግሩት ዓይኑ እናንተ ላይ መሆኑን እዩ፤ ሌላ ነገር እያየ ከሆነ እፍኙ በሌላ ነገር ተሞልቷል። «የት ነው ያልኩህ?» ብላችሁ በአፉ አስደግሙት፤ ፍላቬል ያዩትን ብልሃት ማስጀመር ነው። ጨው እንዲያመጣ ስትልኩት ባዶውን የጨው ጣሳ በእጁ ስጡት። ጣሳው ራሱ ያስታውሰዋል። ዕቃ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ቦታው ከተለመደ ጎተራ ውስጥ ገብቷል፤ እፍኙን አያጨናንቅም። ሁለት የሚዛመዱ ነገሮችን እሰሩለት፤ «ክርና መርፌ» ከ«ክርና ዕንቁላል» ይቀላል።

«እፍኙን ለማስፋት በግድ እናሠልጥነው?» የሚል አባት አይጠፋም። የትውስታ ማሠልጠኛ እየተባለ የሚሸጥ ጨዋታ አለ። ብዙ ጊዜ ተፈትሿል። ልጁ በዚያው ጨዋታ ላይ ይጎብዛል፤ ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው ግን ጥቂት ነው። ገንዘባችሁን አታባክኑ። ድብብቆሽ አለ። ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥ አለ። ልጁ ስለሚስቅ ብቻም ይበቃል።

ሁለቱን ጨርቆችና የእንጨት ማንኪያውን እንግዲህ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ልጁ ከ8 ወር በታች ከሆነ ጥቂት ጠብቁ። የሞከራችሁበትን ቀን፣ የልጁን ዕድሜ በወር፣ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ ድገሙትና ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።